ቀማሽ ካለች፣ አለች

በዚያ ቤት ምግብ የሚታማው ምድጃ ላይ እንጂ ገበታ ላይ አልነበረም። ገበታ ላይ ይበላል፣ ይወራል፣ ይሳቃል፤ ስለ ምግቡ ግን አንዲት ቃል አትወጣም። ጨው አነሰው፣ ጨው በዛበት፣ አረረ፣ ጣፈጠ የሚባል ነገር የለም። ደንቡን ያወጡት የአባትየው አባት ነበሩ፤ «የቀረበለትን ምግብ ያማ ከገበታ ይነሳ» ብለው። እሳቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ደንባቸው ግን ከሳቸው የበለጠ ጤና ኖሮት ቀረ። ልጆቹ «ዝም አይነቅዝም» እየተባሉ አደጉበት፤ ድመቷ ሳትቀር ለምዳዋለች።

አፍ ደግሞ ሁልጊዜ ተዘግቶ አይኖርምና አንድ በር ተትቶለታል። ድስቱ ከምድጃ ከመውረዱ በፊት አንድ ሰው ይቀምሳል፤ የጎደለውን ይናገራል፤ እናትየዋ ታስተካክላለች፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያለቀለት ነው። እናትየዋ ራሷ አትቀምስም። «ድስት ሥር የዋለን ሰው እንፋሎቱ ያሳስተዋል» ትላለች። ቀማሿ ሴት ልጇ ናት። ገና በርጩማ ላይ ካልወጣች ምድጃው በማይደርስባት ዕድሜዋ፣ የእንጨት ማንኪያውን እፍ እፍ ብላ ቀምሳ፣ «ነጭ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ይቆጣል» ማለቷ እስከ ዛሬ ይወራል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ቀማሿ ነች። ማንም ምንም ቢል የእናትየዋ መልስ አንድ ነው፤ «ቀማሽ ካለች፣ አለች።»

ቀማሿ አደገች፣ ተማረች፣ ተመረቀች፤ ጠባይዋ ግን ያው ዓይነ አፋር ሆኖ ቀረ። ሥራ ያገኘችው ቀለም መሸጫ መደብር ውስጥ ነው። ደንበኛ ከግድግዳው የተላጠ ቅርፊት ወይም የልጁን ካልሲ ይዞ ይመጣና «ይህን የመሰለ አውጪልኝ» ይላታል፤ እሷ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ገብታ፣ ነጩ ላይ ቢጫ ጠብ፣ ጥቁር ጠብ እያደረገች ታዋህዳለች። ሲያልቅ ጣቷን ነክራ ነጭ ወረቀት ላይ ትቀባና ከካልሲው አጠገብ ታስቀምጠዋለች። አጠገቡ ነጭ ከሌለ ዓይን ይዋሻል፤ ሥራው ያስተማራት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ብሩሽና መበጥበጫውን ቀለም በሚያስለቅቀው ቲነር ታጥባለች። የክፍሉ መስኮት ፊት ለፊቱ ጣሳ ተደርድሮበት ከተከፈተ ቆይቷል፤ ማራገቢያውም «ነገ ይሠራል» እየተባለ እንደ ቆመ ነው።

አባቷ ቤታቸው ሆነው የእጅ ሰዓት ይጠግናሉ። ደም ግፊት ያዛቸውና ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ ወደ እናትየዋ ዞሮ፣ «ግማሹ መድኃኒት ያንቺ ድስት ነው» አላት። የታሸገና የተጠበሰ ነገር ይቅር፤ ገብሱ ሳይፈተግ፣ ዱቄቱ ሳይነፋ፣ ባቄላና ምስሩ፣ ጎመንና ዱባው እንደ ተፈጠረ ይበላ። ጨው ለሙሉ ድስት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያውም አናቱ በጣት የተጠረገ። እናትየዋ ይህን የሰማችው እንደ ማዘዣ ሳይሆን እንደ ሹመት ነበር። የገዛ እናቷ ትሠራቸው የነበሩትንና እሷ ስንፍና ይዟት የተወቻቸውን ምግቦች ሁሉ ከያሉበት ጠራቻቸው፤ ባቄላው ተነክሮ ያድራል፣ ገብሱ በዝግታ ይንተከተካል፣ ዳቦው ካልተነፋ ዱቄት ይጋገራል። የአባትየው ግፊት ወረደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መለኪያውን ከክንዳቸው እየፈታች፣ «ባለቤትዎን ይመርቁልኝ» ብላ ላከችላት።

ነገር መበላሸት የጀመረው፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው ብለው ካረፉ በኋላ ነው።

«ቀማሼ! ነይማ፣ ሳይበርድ።»

ልጅቷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። በካልሲዋ ወደ ማድቤት ሄደችና ማንኪያውን ተቀበለች። የገብስና የባቄላ ሾርባ ነው፤ ጎመኑ በላዩ ላይ አረንጓዴነቱን እንደያዘ ይዋኛል። እፍ ብላ አፏ ውስጥ አደረገችው። ትኩስ ነው። ገብሱ ከጥርሷ ሥር ይለጠጣል፣ ባቄላው ይፈርሳል። ሌላ ነገር ግን የለም። ቤቱ እንዳለ ሆኖ ሰዎቹ የወጡበት ይመስላል።

«እማዬ፣ ጨው ረሳሽ እንዴ?»

«አላደረግኩም?» እናቷ ወደ ጨው ዕቃው ዞር አለች። ክዳኑ ተከፍቶ ማንኪያው በውስጡ ቆሟል። «ያደረግኩ መስሎኝ።»

«ምንም ምንም አይልም።»

«ወይ ጉድ። እንግዲህ ቀማሽ ካለች…» አንድ ማንኪያ ሞላች፣ አናቱን በጣቷ ጠርጋ ጨመረች። «አሁንስ?»

ልጅቷ ቀመሰች። እንደ መሻል ያለ ነገር፣ እንደ አለመሻልም። «ትንሽ» አለች።

ገበታ ላይ አባቷ የመጀመሪያውን ማንኪያ ጎርሰው ቆም አሉ። ሚስታቸውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ሳህናቸውን አይተው እስከ መጨረሻው በሉ። ሲጨርሱ ውሃ ቀድተው ጠጡ፤ ደግመው ቀዱ።

በሚቀጥሉት ቀናት ነጭ ሽንኩርቱም ጠፋ። «እንዴት ይጠፋል?» አለች እናቷ፣ «አሁን ነው የጨፈለቅኩት፤ ጣቴ ራሱ ይሸታል» ብላ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ የእናቷን ጣቶች ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ውሃ የነካው የእናት እጅ ነው፤ ሌላ ምንም።

«አይሸትም እማዬ። ታጥበሽዋል።»

እናቷ እጇን መልሳ ራሷ አሸተተችው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ደግማ። ፊቷ ላይ ያለው ነገር መንገድ መሐል ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ሰው ዓይነት ነበር። «እኔን ብቻ ነው የሚሸተኝ ማለት ነው?» አለች። ቀስ ብላ ሌላ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንስታ ትልጥ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የማድቤቱ መስኮት ደፍ ላይ ደረቅ ባቄላዎች ታዩ። እናትየዋ ጨው ስታደርግ አንዷን ፍሬ ከግራ ወደ ቀኝ ታሻግራለች፤ ነጭ ሽንኩርት ስትጨምር ሌላዋን። ስታሻግር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች። ገባችና ቀመሰች። ባቄላዋ ተሻግራለች፤ ሾርባው ግን ያው ባዶ ቤት ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ባቄላ ምንድነው?»

«ምንም። ጨዋታ ነው» አለች እናቷ ሳታያት። «ጨው እንዴት ነው?»

ልጅቷ የመስኮቱን ደፍ አየች። አደረግሽ ብትላት ውሸት ነው፤ አላደረግሽም ብትላት ደግሞ ባቄላዋ ቀኝ በኩል ተቀምጣ ታያታለች። «ያንሰዋል» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። እናቷ ግን ሰማች። ባቄላዋን ወደ ግራ መለሰቻት፤ ጨው ጨመረች፤ እንደገና ወደ ቀኝ አሻገረቻት።

ነርሷ የአባትየውን ክንድ አስራ ለካች፣ ፈታች፣ እንደገና ለካች። ወጥቷል፤ ያውም ሐኪሙን ካላዩ አይሆንም የሚያሰኝ ሆኖ። «ምን ተገኘ? ምግብ ተቀየረ?» ስትላቸው፣ «ምግቡ ጤነኛ ነው» ብቻ ብለው ወጡ። ቤት ሲደርሱ ማሰሮውን አንስተው ውሃ ጠጡ።

ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ስለ መርሳት በሽታ አነበበች። የተጻፈው ሁሉ እናቷን የሚያውቅ መሰላት። አንድ ነገር ደጋግሞ ማድረግ። ያደረጉትን አላደረግኩም ማለት። ዕቃ በሰልፍ መደርደር። ለአባቷ እንዳትነግራቸው አፏ አልታዘዝ አላት፤ ለእናቷ እንዳትነግራት ደግሞ ምን ብላ? እንቢ ሲላት ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። ስልኩን ሳትዘጋ ነበር የጸጸታት።

በማግስቱ መደብሩ ውስጥ አንድ ደንበኛ የቢጫ አይሉት የወተት ቀለም አዝዞ፣ እሷ እየበጠበጠች ሳለ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ በሩን ገፋ አደረጉት። አዛውንት ናቸው፤ ዋናው ጭቅጭቃቸው ጣሳ ይከደን ነውና ሠራተኛው በሌሉበት አባ ክዳን ይላቸዋል። ገና አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ የአንገት ልብሳቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠመጠሙት።

«ክዳን! ክዳን! የቲነሩ ጣሳ እኮ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል! አንቺ ልጅ፣ ሳንባሽን ከየት ነው የገዛሽው?»

«አልሸተተኝም።»

«አልሸተተኝም ትላለች! እኔ ከውጭ፣ ከመንገድ ማዶ ነው የጠራኝ።» ጣሳውን ራሳቸው ከድነው፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ ወጡ።

የሽማግሌ ነገር፣ ሁሉን ያጋንናሉ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሐሳቧ ያለው የመስኮቱ ደፍ ላይ ነው።

ወንድሟ የአውቶቡስ መስመር ተቆጣጣሪ ነው። ለእሱ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ወይ ሰዓቱን ጠብቋል ወይ ዘግይቷል። በዕረፍቱ ቀን ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ፣ «ዘግይተናል» አለ።

«ለምኑ?» አለች እናቷ።

«አባባ እንዲህ ሆነው ዝም ትላላችሁ? እማዬ፣ አንቺ ደክሞሻል። ማንም አይፈርድብሽም። ምግብ የምታበስል ሴት አግኝቻለሁ፤ ንጹሕ፣ ጎበዝ። ነገ ትመጣለች። አንቺ ቁጭ ብለሽ ታዢያለሽ።»

«ጡረታ ልታወጣኝ ነው የመጣኸው?»

«አይ እማዬ…»

«አየህ ልጄ፣ እግሬን ብትለኝ እሺ፣ ዓይኔን ብትለኝ እሺ። ከምድጃዬ ያነሳችሁኝ ቀን ግን ከቤቴ አወጣችሁኝ ማለት ነው።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ ለአባትህ መድኃኒት ነኝ ተብያለሁ። መርዝ ከሆንኩ ግን ንገሩኝ፤ ራሴው እወርዳለሁ።»

አባቷ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ የአንዲት ሰዓት ሆድ ከፍተው፣ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አጥብቀው ነበር። አንገታቸውን አላቀኑም።

«አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ ወንድሟ። «ምግቡ እንዴት ነው?»

«ምግብ አይታማም» አሉ አባቷ ከማጉያው ሥር።

«እየገደለዎትም ቢሆን?»

«ደንብ ነው።»

ወንድሟ ሁለት እጁን አንስቶ አወረደ። ከዚያ እህቱን አያት። «እሺ፤ ቀማሽ አለችን አይደል? ትፍረድ! ሴትዮዋ ነገ ትምጣ፣ እዚሁ ምድጃ ላይ ይኸንኑ ሾርባ ትሥራ፤ እማዬም ትሥራ። አንቺ የትኛው የማን እንደሆነ ሳታውቂ ትቀምሻለሽ። የእማዬ እጅ ከጠፋ ታውቂዋለሽ። ካልጠፋ ደግሞ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ…» አለች ቀማሿ።

«ቀማሽ ካለች፣ አለች» አለች እናቷ። ወደ ልጇ ዞራ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ፍረጂ። አትራሪልኝ።»

ልጅቷ ስትተኛም ስትነሳም ያሰበችው ይህንኑ ነው። እውነቱን ተናግራ እናቷን ከምድጃዋ ልታነሳ ነው፤ ዋሽታ አባቷን ልትጎዳ ነው። መሐሉ ላይ ቆማ ግራ ገባት። በአንድ ነገር ብቻ እርግጠኛ ነበረች፤ የእናቷን እጅ ከሺህ ድስት መሐል ታውቀዋለች። ይህን በማወቋ ነበር የምትፈራው።

ምግብ አብሳይዋ በማግስቱ መጣች። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሽርጧን ከቤቷ ይዛ የመጣች ሴት ናት። «እህቴ፣ እኔ ላንቺ መቀመጫ አልቀማም፣ ያዘዙኝን ነው የምሠራው» አለቻት እናትየዋን፤ እናትየዋም «ግቢ፣ ጎመኑን እጠቢ» አለቻት። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው፣ በሁለት ምድጃ ላይ ሁለት ድስት ጣዱ። ገብሱ አንድ፣ ባቄላው አንድ፣ የጨው ማንኪያው አንድ። እናትየዋ ባቄላዋን አሻገረች፤ ሴትየዋ አየቻትና ወደ ራሷ ድስት ተመለሰች። ቀማሿ ምንም እንዳታይ ሳሎን ነበረች። ሾርባው መንተክተክ ሲጀምር ወንድሟ ሁለቱንም ሴቶች ከማድቤት አስወጣና፣ «ከእንግዲህ ማንም አይነካም» ብሎ በሩን ዘጋ።

ሳሎን ተቀመጡ። ሴትየዋ ስልኳ ጠራና በረንዳ ወጣች። ወንድሟ ሰዓቱን ያያል። አባቷ የግድግዳውን የአባታቸውን ፎቶ ያያሉ። ድንገት እናትየዋ ራሷን ቀና አደረገች፤ ቀጥሎ ወንድሟ ተነስቶ ወደ ማድቤት ሮጠ። የድስት ክዳን ሲንኳኳ፣ መስኮት ሲከፈት ተሰማ። ቀማሿ እናቷን አየቻት፤ እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች።

«እሳቱን ቀንሼው ነበር?» አለች እናቷ ለማንም ሳይሆን። «ልወጣ ስል… ቀንሼዋለሁ መሰለኝ። አልቀነስኩትም ይሆን?»

ምን ሆነው ነው? አለች ልጅቷ በልቧ። ሁሉም ልባቸው ተሰቅሏል።

ወንድሟ ሁለት ተመሳሳይ ሳህን ይዞ ገባ። ፊቱ ተለዋውጧል። አንዱን በግራዋ፣ አንዱን በቀኟ አስቀመጠላትና ወደኋላ አለ። ምግብ አብሳይዋም ከበረንዳ ተመልሳ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች።

ቀማሿ የግራውን ቀመሰች። ትኩስ፣ ገብስ፣ ባቄላ። ዋጠችው። ውሃ ጠጥታ የቀኙን ቀመሰች። ትኩስ፣ ገብስ፣ ባቄላ። ወደ ግራው ተመለሰች። ሁለት ሰው የሠራው ሾርባ እንዴት አንድ ዓይነት ይሆናል? የእናቷ እጅ የት ሄደ? ወይስ ሴትየዋ ከእናቷ ተምራ ነው? ወይስ ወንድሟ ሊፈትናት ከአንድ ድስት ሁለት ቦታ ቀድቶላት ይሆን? ቀለም ቢሆን ኖሮ መሐላቸው ነጭ ወረቀት ታስቀምጥ ነበር። ምላስ ላይ ነጭ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ቀና ስትል ሁሉም አፏን ያያሉ፤ እናቷ ከሁሉም በላይ።

«ይሄ» አለች ጣቷን ወደ ግራው ዘርግታ፤ ከመገመት በቀር ምንም አልነበራትም። «ይሄ የእማዬ ነው።»

እናቷ በዝግታ ተነሳች። ሽርጧን ከወገቧ ፈታች፣ አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያ እኔ ነኝ ያሳረርኩት» አለች። «እኔ ደግሞ የሷ ነው ብዬ ነበር። አሁን አበቃ። ቀማሽ ካለች፣ አለች።»

«እማዬ፣ ቆይ…» ወንድሟ እንደ ተደናገረ ሰው አንዴ ሳህኑን አንዴ እህቱን ያያል።

ቀማሿ ከሁሉም በላይ ግራ ተጋብታ ነበር። «ምኑ ነው ያረረው?» አለች።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ።

«ያረረ ነገር አለ እንዴ?»

«ልጄ» አሉ አባቷ፤ ማጉያቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ቤቱ በሙሉ ጭስ ጭስ ይላል። እፊትሽ ያለው ሳህን ከሰል ነው የሚሸተው።»

ልጅቷ ሳህኑን አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። እንፋሎቱ ጉንጯን ነካት። ሞቃት ነው። ሞቃት ብቻ ነው። ሌላውን አነሳች። ሞቃት።

«የግራው የሷ ነው» አለ ወንድሟ፣ ሴትየዋን በዓይኑ እያመለከተ። «የእማዬ ድስት ምንም አልሆነም። እኔ ያልገባኝ… እንዴት ያረረውን የእማዬ ነው ትያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያሳረርኩት፣ እሳቱን ሳልቀንሰው ወጣሁ» አለች ምግብ አብሳይዋ ፊቷን በሽርጧ እየሸፈነች። «እናንተዬ፣ ኧረ ልጅቷን ተዋት፣ ፊቷ ነጣ።»

እናቷ ግን ወደ ማድቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ መዳፏ ላይ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርት ነበር፤ ወንድሟ በሩቁ አፍንጫውን ሸበሸበ። መዳፏን ከልጇ አፍንጫ ሥር አደረገችው።

«ሳቢው።»

ሳበችው። አየር ነው። ዓይኗ ብቻ ቆጥቁጦት እንባ አቀረረ። «እማዬ፣ የለም» አለች። «ምንም የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።» አባ ክዳን የአንገት ልብሳቸውን ጠምጥመው በር ላይ ቆመው ታዩአት። የተከፈተ ጣሳ። ከመንገድ ማዶ ነው የጠራኝ።

ነገሩ ለእናትየዋ የገባት ቀስ በቀስ ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ጣቶቿን አየች፤ ይሸቱ ነበር ማለት ነው። የመስኮቱን ደፍ አየች። «ባቄላዋን በትክክል ነበር የማሻግራት» አለች። «ጨዉን አድርጌው ነበር! ሁልጊዜ! ገበታ ላይ ጨው ጨው ሲለኝ ምላሴ አርጅቶ ነው እያልኩ…» ሳቀች፤ ከሆዷ ሳቀች፤ ከዚያ ልጇን አይታ ሳቁን አፏ ውስጥ ያዘችው። ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጠፋት። ልጅቷም ለእናቷ ደስ ይበላት ለራሷ ይክፋት አላወቀችም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

«አንተስ?» አለች እናትየዋ ወደ ባሏ ዞራ፤ ቁጣው መውረጃ ያገኘ ይመስላል። «ያን ሁሉ ጨው ስትበላ አፍ የለህም? ማሰሮ ሙሉ ውሃ ከምትጨርስ!»

«ቀማሽ ቀምሳዋለች ብዬ ነዋ» አሉ አባቷ። «እኔም የራሴ ምላስ ነው የመሰለኝ።»

«ለካ ዝምም ይነቅዛል» አለ ወንድሟ፣ ቁጭ ብሎ ግንባሩን እየያዘ። ምግብ አብሳይዋ ያረረውን ድስቷን ራሷ ፈትጋ አጥባ፣ ከእናትየዋ ሾርባ አንድ ሳህን ጠጥታ፣ «እኔ እዚህ ቤት አላስፈልግም፤ ይልቅ ይህን ገብስ እንዴት እንደምታደርጊው አሳዪኝ» ብላ፣ ተምራ ሄደች።

ሐኪሙ የልጅቷን አፍንጫና ምላስ በመብራት አየ፤ ስለ ሥራዋ ጠየቃት፤ «ሽታውንም ጣዕሙንም የወሰደብሽ ቲነሩ ሳይሆን አይቀርም፣ ራቂው» አላት። ይመለስ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል» አላት። ይህን መልስ ይዛ የት እንደምታስቀምጠው ሳታውቅ ወደ ቤት ተመለሰች። አባ ክዳን ወሬውን በሰሙ ጊዜ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ከመስኮቱ ፊት አንስተው መስኮቱን በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱት፤ «ሰው እንደ ጣሳ ክዳን የለው!» እያሉ ሲራገሙ ዋሉ። እሷንም ከፊት፣ ደንበኛ የሚቀበሉበት ቦታ አዛወሯት። ለዓይነ አፋር ሰው ይህም የራሱ ቅጣት ነው።

ቤት ውስጥ ሽርጡ ወደ እናትየዋ ወገብ ተመለሰ። ባቄላዎቹ ወደ ድስት ገቡ። ጨዉ አንድ ማንኪያ፣ አናቱ የተጠረገ፤ ከዚያ የሚቀምስ የለም። እናትየዋ ማንኪያውን በልማድ ወደ ሳሎን ዘርግታ «ቀማ…» ብላ ስትጀምር ቃሉን ትውጠዋለች። ልጅቷ ትሰማታለች።

አንድ ቀን ገበታ ላይ ሦስቱ ተቀምጠው ነበር። የነርሷ መለኪያ ወርዶ የመጣበት ቀን ነው። ሾርባው እንፋሎቱን እየላከ መሐል ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ አንድ ማንኪያ ጎረሰች። ሞቃት፣ ለስላሳ፣ ባዶ። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባባ» አለች፣ ሳህኗን እያየች። «ምን ምን ይላል?»

አባቷ ቀና አሉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ሚስታቸው መብላቷን አቆመች።

«ምኑ?»

«ሾርባው። እኔ አላውቀውም። ንገሩኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን ስለ ምግብ አንዲት ቃል ያልተናገሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉንም ከየት ያምጡት? አንድ ማንኪያ ጎረሱ። ሰዓት ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ገብሱ…» አሉና ቆም አሉ። «የድሮ የግድግዳ ሰዓት ታውቂያለሽ? ከባዱን? እንደሱ ነው። አይቸኩልም። ሌላው ሁሉ በሱ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ነጭ ሽንኩርቱስ?»

«እሱ ወዲያው አይመጣም። ከዋጥሽው በኋላ ነው። ሰዓት ሊደውል ሲል በውስጡ ጠቅ የሚል ነገር የለም? እንዲያ።»

ልጅቷ ጎረሰች፣ ዋጠች፣ ጠበቀች። ጠቅ ያለ ነገር አልነበረም። ወይም ነበር፤ ከአፏ ይሁን ከአባቷ ቃል መለየት አቃታት።

«ጨውስ?» አለች።

አባቷ ሚስታቸውን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ እንደገና ሚስታቸውን አዩ።

«ያንሰዋል» አሉ።

ማንኪያ ሳህን ላይ ወደቀ። «አማኸው!» አለች እናትየዋ፤ ዓይኗ ይስቃል። «በገዛ ገበታዬ ምግቤን አማኸው! በል ተነሳ፣ አባትህ ያዩሃል!»

አባቷ ተነሱ። ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ጠረጴዛውን ዞሩ፣ ወንበር ስበው ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ።

«ተነሳሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉና፣ «አሁን ጎመኑን ጉረሺ» አሉ። «ቆይ፣ አትዋጪው። እኔም ልጉረስና እነግርሻለሁ።»